ይሉኝታ የጠረገው መንገድ

«አማትሽን ከሩቅ ካየሽ መንገዱን ልቀቂላቸው። መንገድ የለቀቀች ምራት ወድቃ አታውቅም።»

ይህን ያለችኝ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ ልዳር ሰሞን፣ ጸጉሬን እየሠራችኝ። ጸጉር የሚሠራ ሰው የሚሰጠው ምክር ከሌላው ምክር ይለያል፤ ራሳችሁ በእጁ ስለሆነ «ለምን?» ብላችሁ ዞር ማለት አትችሉም። እሺ አልኳት። እኔ ድሮም እሺ ማለት ይቀናኛል። ከትምህርት ቤት ውጪ ሲሉኝ እሺ፣ ተዳሪ ሲሉኝ እሺ ያልኩ ሰው፣ ለመንገድ ብዬ ከአክስቴ ጋር ልከራከር?

ደግሞስ መንገድ የሚባለው ነገር ራሱ ግራ ያጋባል። እኛ ጎንደሮች «መንገድ» ስንል ጣልያን ያወጣውን፣ ማኪና የሚመላለስበትን ማለታችን ነው። ትምህርት ቤት ሳለሁ መምህራችን አንድ ትልቅ ካርታ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ «ይህች ቀይ መስመር ዋናው መንገድ ናት፤ ነጠብጣቦቹን በሚመጣው ሳምንት እንማራለን» አለን። በሚመጣው ሳምንት እኔ ሙሽራ ነበርኩ። እንግዲህ ነጠብጣቦቹን የተማርኩት በእግሬ ነው።

በቀደም አንድ ፈረንጅ ባለቤቴ ጸሐፊ ሆኖ ወደሚሠራበት መሥሪያ ቤት መጥቶ፣ በአስተርጓሚ፣ «ሰው ብዙ የማያውቀው፣ በእግር የሚኬድ መንገድ አሳዩኝ» አለ አሉ። «ወዴት ለመድረስ?» ቢሉት «የትም» አለ። «ጉዳይዎስ?» ቢሉት «ጉዳይ የለኝም፤ መሄዱን ነው የምፈልገው» አለ። ጸሐፊዎቹ ተያዩ። በእኛ አገር ያለ ጉዳይ ዳገት የሚወጣ ሰው ወይ ባሕታዊ ነው፣ ወይ ከብት ጠፍቶበታል። ሰውየው ሁለቱንም አይመስልም። ተማከሩና ወደ ቀሐ ሰደዱት፤ ከከተማው ሰው ሁሉ ጋር ወንዝ ዳር ተቀምጦ ተመለሰ። ባለቤቴ ይህን ራት ላይ እየሳቀ ሲያወራኝ እኔ አልሳቅሁም። የሰውየው ጥያቄ የሞኝ ጥያቄ አልነበረም። የተሳሳተው የጠየቃቸው ሰዎች ላይ ነው። ወንዶችን ጠየቀ።

ሰው የማያውቀው መንገድ በአገራችን ሞልቷል። ከአውራው መንገድ ተገንጥላ ጥሻ ውስጥ ጥልቅ የምትል ቀጭን መንገድ ካያችሁ፣ እዚያ ቦታ ላይ አንድ ሰው ከሌላ ሰው ዓይን ሸሽቷል ማለት ነው። መጀመሪያ አንዷ ታፍርና ትገባለች፤ ሣሩ ይተኛል። ሌላዋ ታፍራለች፤ ሣሩ ይነጣል። ሦስተኛዋ ስታፍር መንገድ ሆኗል። አውራውን መንገድ መሐንዲስ አወጣው፤ የቀረውን ሁሉ የጠረገው ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ደግሞ ደመወዝ አይጠይቅ፣ ክረምት አያቋርጠው።

ይህን ትምህርት የተማርኩት ትርንጎ፣ የመጀመሪያ ልጄ፣ ጥርስ ልታወጣ ያገኘችውን ሁሉ በምትነክስበት ሰሞን ነው። የባለቤቴ ወላጆች ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ፣ ከገደል አፋፍ ብዙም ከማይርቅ መንደር ነው የሚኖሩ። ልጅቱን አላዩአትም ነበር። ኅዳር ሚካኤል የደብራቸው ንግሥ ነውና «ይዛችኋት ኑ» ብለው ላኩብን። ባለቤቴ አብሮን ሊሄድ ተዘጋጅቶ ሳለ፣ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ከሥራ እንዳይቀር ታዘዘ። እኔን ለእታለም የሻረግ አደራ ሰጠና፣ «ነገ በማለዳው ማኪና እደርስባችኋለሁ» አለ። ወንድ ልጅ «እደርሳለሁ» ማለት ይቀለዋል፤ ጀርባው ላይ አንቀልባ የለም።

እታለም የሻረግ የባለቤቴ አገር ሰው ናት፤ ነጭ ሽንኩርት ለመሸጥ ጎንደር ወርዳ የምትመለስ፣ አፏም እግሯም የማያርፍ ሴት። እኔ ዝምተኛ ነኝና እንዲህ ያለ ሰው ይስማማኛል፤ ለሁለታችንም ታወራለች።

ከጎንደር ስንነሣ ሁለት ነገር እፈራ ነበር። አንደኛው ትርንጎን ነው። አንቀልባ ላይ ያለ ልጅ ፊቱ አይታይም። ስታለቅስ ምን ነካት እላለሁ፤ ዝም ስትል ትተነፍስ ይሆን እላለሁ። እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ እግሯን እነካለሁ፤ እግሯ ቀዝቅዞ ሳገኘው እደነግጣለሁ፣ ሞቆ ሳገኘውም እደነግጣለሁ። ልጅ የወለደች ሁሉ ይህን ታውቀዋለች፤ ያልወለደችው ትስቅብኝ።

ሁለተኛው አማቴ ናቸው። በባለቤቴ አገር ምራት የባሏን አባት ፊት ለፊት አታይም፣ ስማቸውን አትጠራም፣ ብቻ ለብቻ ቃል አትለዋወጥም። እሳቸውም እንዲሁ ይጠነቀቁላታል። መነጋገር የግድ ከሆነ በሦስተኛ ሰው በኩል ነው፤ መንገድ ላይ ቢገናኙ እሷ ከመንገድ ትወጣለች። እኔ አማቴን በሠርጌ ዕለት ከዓይነ ርግቤ ሥር አይቻቸዋለሁ፤ ያየሁት ግን እግራቸውን ነው። ሲሄዱ ደግሞ ጀርባቸውን አየሁ። በር በትከሻው እንደሚገፋ ሰው አንዱን ትከሻ አስቀድመው ነው የሚራመዱ። ልጃቸውም እንዲያው ነው የሚሄድ። እግርና ጀርባ ብቻ የማውቃቸው ሰው ቤት ልጅ ይዤ ልገባ ነው።

አምባ ጊዮርጊስ ከማኪናው ወርደን ገና እግራችን ሳይሟሟቅ፣ እታለም የሻረግ ድንገት ከመንገዱ ወጥታ ቁልቁል ወረደች።

«ምነው? መንገዱ በዚህ አይደለም ወይ?» አልኳት።

«ያ ክዳኑ የታደሰ ቤት ይታይሻል? የክርስትና እናቴ ቤት ነው። ከፋሲካ ወዲህ አልጠየቅኋትም። በደጇ ባልፍ ምን ትለኛለች?»

«ገብተሽ ብትጠይቂያትስ?»

«ባዶ እጄን?» አለችና እንደ ዕብድ አየችኝ። «እናንት የከተማ ልጆች። ባዶ እጁን የሚመጣ ሰው ሊጠይቅ ሳይሆን ሊበላ ነው የሚመጣው።»

ወረድን። ከላይ ለሚያልፍ ሰው ጨርሶ በማይታይ ጎድጓዳ ውስጥ አንድ ምንጭ አገኘን። ውኃው ድምፅ ሳያሰማ ከድንጋይ ሥር ይወጣና ሣሩ ላይ ይተኛል። ዙሪያውን ኮሶ ቆሞበታል፤ አበባው ቀልቶ ውኃው ላይ ተንዠርጓል። እኔ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። እጄን ነክሬ የትርንጎን እግር አራስኩላት፤ ደነገጠችና ሳቀች።

«ይህን ምንጭ ማን ያውቀዋል?» አልኳት።

«የክርስትና እናቴን የሚፈራ ሁሉ።»

ወደ መንገዱ ተመልሰን ብዙም ሳንሄድ፣ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ለዕርቅ ተቀምጠዋል። ሴት በተቀመጠ ሽማግሌ ፊት አታቋርጥም። አሁንም በሌላ ፈፋ ገባን። ፈፋው አንድ መስክ ላይ አወጣን፤ መስኩን ጭላዳ ዝንጀሮ ሞልቶታል። ቂጣቸውን ከመሬት ሳያነሡ ፈቀቅ ፈቀቅ እያሉ ሣር ይነጫሉ፤ ትልልቆቹ ጎፈራቸውን ነፋስ እያበጠረላቸው ቀና ብለው አዩንና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በእርጋታቸው ሽማግሌ ይመስላሉ። ልዩነቱ ሴት በፊታቸው ስታልፍ ግድ የላቸውም።

ከዚያ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን መጣ። መንገዱ በደጀ ሰላሙ ነው የሚያልፍ። እታለም የሻረግ ቆም አለችና፣ «ዛሬ በዚያ አላልፍም» አለች። ሴት ለሴት እንዲህ ስትል ምነው አይባልም። ከደኑ ጀርባ የምትዞር መንገድ አለች፤ ስንት ዘመን፣ ስንት ሴት እንደሄደባት እንጃ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት ጎድጉዳለች። በአንድ ወገን ጽድ፣ በአንድ ወገን ወይራ፤ ሁሉም ሽበት የመሰለ የዛፍ ጢም አንጠልጥሎ ቆሟል። ወፉ ሌላ፣ ሽታው ሌላ። ወንዶቹ ቤተ ክርስቲያኑን ከፊት ለፊቱ ያውቁታል፤ ደኑን ከጀርባው የምናውቀው እኛ ነን። የትኛው ይበልጣል አልልም፣ ያስቀስፈኛል። ግን ደኑ ሸጋ ነው።

ከዚህ በኋላ መንገዳችን ተለያየ፤ የእታለም የሻረግ መንደር በወዲያ ነው። ትርንጎን በአንቀልባው ላይ አቀፈቻትና ለእኔ እጇን ዘረጋች።

«ከዚህ ወዲያ አውራው መንገድ ራሱ ይወስድሻል። ያንን ኮረብታ ስትዞሪ ቤታቸው ይታያል። ጉም ሳይነሣ ድረሺ። ገደሉ በቀኝሽ ነው፤ የመጣ ቢመጣ በቀኝ እንዳትወጪ።»

እሺ አልኳት።

ብቻዬን ሆንኩ። መንገዱ ሰፊ ነው፤ የተጫኑ ሁለት በቅሎዎች ጎን ለጎን ይሄዱበታል። ነገር ግን ጉሙ መጣ። ጉም ከሰማይ የሚወርድ ለሚመስላችሁ፣ በዚያ አገር ከታች ነው የሚወጣ፤ ከገደሉ ሥር እንደ ፈላ ወተት ገንፍሎ አፋፉን ይሻገራል። እርምጃዬን አፈጠንኩ። ትርንጎ ዝም ብላለች። እግሯን ነካሁ፤ ቀዝቅዟል። ነጠላዬን በአንቀልባው ላይ ደረብኩና ሩጫ በሚመስል አካሄድ ሄድኩ።

ያን ጊዜ ነው ከፊት ለፊቴ፣ ጉሙ ገለጥ ባለበት፣ አንድ ሰው ሲመጣ ያየሁት። ጋቢ ለብሷል። አንዱን ትከሻ አስቀድሟል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። አማቴ ናቸው።

ምን ላድርግ? በግራዬ የታጨደ የገብስ ማሳ ነው፤ አይጥ እንኳ አትደበቅበትም። በቀኜ ቁጥቋጦ አለ። እታለም የሻረግ ያለችኝን አልረሳሁትም፤ አክስቴ ያለችኝንም አልረሳሁትም። ሁለት ምክር ሲጋጩ ሰው ቀድሞ የሰማውን ይከተላል። በቀኝ ወጣሁ።

ቁጥቋጦው ውስጥ ጎንበስ ብዬ የእግር ኮቴ ጠበቅሁ። አልመጣም። ቆየሁ፤ አልመጣም። ምናልባት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይሆናል አልኩ፤ እሳቸው እስኪነሡ ብጠብቅ ጉሙ ሊውጠን ነው፤ ወደ መንገዱ ብወጣ ደግሞ ፊት ለፊታቸው ልቆም ነው። ዞር ስል እግሬ ሥር ቀጭን መንገድ አየሁ። እኔን ቀድማ ያፈረች አለች ማለት ነው። መንገዷ ቁጥቋጦውን ተከትላ ወደ ፊት ትሄዳለች። በዚች አልፋቸውና ከኋላቸው ብቅ እላለሁ አልኩ። ሐሳቡ ሐሳብ ነበር።

መንገዷ መጀመሪያ ደግ ነበረች። አምጃው ቢጫ አበባውን አውጥቶ በግራና በቀኝ ተሰልፎ ተቀበለኝ። ከዚያ የቀኙ ሰልፍ አለቀ። በግራዬ ዓለት ቆመ፤ በቀኜ ምንም። «ምንም» ስላችሁ በእውነት ምንም ነው፤ ነጭ ጉም ብቻ። እንዲያ ስሄድ ጉሙ በአንድ በኩል ተቀደደና የቆላውን አገር አሳየኝ። እናንተዬ፣ ተራራ ከተራራ ጀርባ፣ ሰማያዊ ከሰማያዊ ጀርባ፣ እስከ ዓለም ዳርቻ። አንድ ትልቅ አሞራ ከእግሬ በታች ሲያንዣብብ ጀርባውን አየሁት። የአሞራ ጀርባ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰው አሞራን ከሆዱ በኩል ነው የሚያውቀው። ሌላ ቀን ቢሆን ቁጭ ብዬ ባየሁት። ያን ቀን ግን ጉሙ መልሶ ሲዘጋው እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

መመለስ አሰብኩ። ለመዞር ስሞክር አንቀልባው ዓለቱን ነካና ገፋኝ። ትርንጎ ቃተተች። ቀጥ አልኩ። ወደ ኋላ የለም። ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚባለው ለካ ለእኔ ነው የተተረተ። በደረቴ ወደ ዓለቱ ተጠግቼ፣ ትርንጎን ወደ ምንሙ አድርጌ መሄድ አልችልም፤ ጀርባዬን ለዓለቱ ሰጥቼም አንቀልባው አያስጠጋኝም። እንዲሁ በቀጥታ፣ እግር በእግር ፊት እያስቀደምኩ ሄድኩ። ወድቃ የማታውቀዋ ምራት ምናልባት ገደል የሌለበት አገር ያገባችው ትሆናለች እያልኩ።

ከፊቴ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

ቆምኩ። ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ ዘንግ ወጣ፣ ቀጥሎ የቀደመ ትከሻ፣ ቀጥሎ ጋቢ። አማቴ ከእኔ በጥቂት እርምጃ ርቀት ቆመው አዩኝና፣ ፊታቸውን ወደ ዓለቱ መለሱ። እኔም ነጠላዬን ስቤ ፊቴን ሸፈንኩ። ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ዓይንን መሸፈን ምን ዓይነት ጨዋነት እንደሆነ እናንተ ፍረዱ።

ከታች በኩል ውኃ ሲወርድ ይሰማል። ብቻ ለብቻ አንነጋገርም፤ ሦስተኛ ሰው የለም። እስከ መቼ እንዲህ እንደምንቆም ሳስብ፣ አማቴ ለዓለቱ እንደሚናገር ሰው ሆነው፣

«ትርንጎ» አሉ።

ሦስተኛ ሰው ለካ አለ።

«ትርንጎ፣ እናትሽን እንደምን ዋልሽ በያት።»

«ትርንጎ» አልኩ ከነጠላዬ ሥር፣ «አባባን እንደምን ዋሉ በያቸው።»

ትርንጎ ዝም አለች።

«ትርንጎ፣ ምነው ድምፅሽ ጠፋ? አሞሻል ወይ?»

«ትርንጎ፣ ተኝቻለሁ በያቸው።»

«ከተኛሽስ ሸጋ» አሉ አማቴ። ከዚያም፣ «እናትሽ ምነው አውራውን መንገድ ለቀቀች?»

«አባባ ሲመጡ አይታ፣ መንገድ ልትለቅላቸው ብላ ነው በያቸው።»

ይህን ስሰማ ከራሴ አፍ የወጣ አልመሰለኝም። አማቴ ሳሉ። ሳል ይሁን ሳቅ ዓለቱ ውጦት አልለየሁትም።

«እኔም መንገድ ልለቅላት ብዬ ነው፣ ትርንጎ። ጉሙ ሲነሣ ልቀበላት ወጣሁ። ስትመጣ አየኋት፤ ብቻዋን ናት። ብቻዋን ከሆነች እንዴት እቀርባታለሁ? በዚህ ዞሬ ከኋላዋ ልሆንና፣ ሳታየኝ እየጠበቅኋት ቤት ላደርሳት ነበር።»

አያችሁልኝ። እሳቸው ሊጠብቁኝ ሸሹኝ፤ እኔ ላከብራቸው ሸሸኋቸው። በላያችን ሰፊው አውራ መንገድ ባዶውን ተዘርግቷል፤ ጉሙ ብቻውን ይንሸራሸርበታል። እኛ ሁለታችን ግን ፍየል በምትሳቀቅበት ጠርዝ ላይ እጅ እንነሣሣለን። ይሉኝታ ሰውን ከሰው ዓይን ያድናል፤ ከገደል ያድናል ያለ ግን የለም።

«አባባ ይህን መንገድ ያውቁታል ወይ በያቸው» አልኩ። የሚያውቀው ሰው መኖሩን መስማት ፈለግሁ።

«የሚስቴን አባት የሸሸሁ በዚሁ ነው፣ ትርንጎ። ያን ጊዜ ግን ይሰፋ ነበር፤ ወይም እኔ ቀጭን ነበርኩ።» ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «አሁን ስሚኝ። እናትሽ መዞር የለባትም። እኔ ልዙር፤ በኋላዬ ትከተል። ከፊታችን ውኃ የሚያቋርጠው ቦታ አለ። እሱን ካለፍን መሬት ነው።»

ዞሩ። ተከተልኳቸው። አማቴ በፊት፣ ጀርባቸው ለእኔ፣ ለትርንጎ እየነገሩ፤ «ትርንጎ፣ ግራ እግሯን ጥቁሩ ድንጋይ ላይ። ትርንጎ፣ ሥሩን ትያዝ፣ ሣሩን አትመን።» እኔም፣ «ትርንጎ፣ እሺ በያቸው።» እንዲህ ዓይነት አስተርጓሚ ጃንሆይ ቤተ መንግሥትም አይገኝም፤ ተኝታ ታስተረጉማለች።

ውኃው ጋ ደረስን። ከላይ ካለው ዓለት በቀጭኑ ይወርድና መንገዷን አርሶ ወደ ታች ይሰወራል። አማቴ ተሻገሩ። «ትርንጎ፣ በመካከል ያለውን ድንጋይ ትርገጥ፤ ቀስ ብላ» አሉ። ረገጥኩ። ውኃው አንቀልባውን ነካው፤ ትርንጎ ነቃች። ነቅታም በሙሉ ድምፅዋ አለቀሰች።

አስተርጓሚያችን አለቀሰች፤ እንግዲህ ምንም አይሰማም። አማቴ ከወዲያ አንድ ነገር ይላሉ፤ ልቅሶዋ ይሸፍነዋል። ድንጋዩ ከእግሬ ሥር ተንቀሳቀሰ። የምይዘው ፈለግሁ፤ እጄ ሣር ጨበጠ፤ ሣሩ መጣ። ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከወደቅሁ በሆዴ ልውደቅ፣ በጀርባዬ አይሁን።

ያን ጊዜ አማቴ ዞሩ። ዓይን ለዓይን አዩኝ። ዘንጋቸውን ጣሉና እጃቸውን ዘረጉ።

«እጅሽን አምጪ። እኔን እይ። ወደ ታች አትዪ።»

ለእኔ ነው ያሉት። ለትርንጎ አይደለም።

አየኋቸው። ነጠላዬ መቼ ከፊቴ እንደወረደ አላውቅም። አገጫቸው መካከሉ ላይ ጎድጎድ ያለ ነው፤ ስንት ወር ጡት ሳጠባ ከላይ ቁልቁል ያየሁት የትርንጎ አገጭ። ከማን እንዳመጣችው ስጠይቅ ነበር። እጃቸውን ያዝኩ። ሻካራ ነው። ሳቡኝ። መሬት ረገጥኩ፤ ሰፊ፣ ሣር ያለበት፣ የከብት ፋንድያ ያለበት፣ የተባረከ መሬት።

አማቴ እጄን እንደ ፍም ለቀቁት። ወዲያው ፊታቸውን አዞሩ። ጥቂት ተነፈሱና፣

«ትርንጎ» አሉ፣ «እናትሽ ደኅና ናት ወይ?»

ነጠላዬን ወደ ፊቴ መለስኩ። «ትርንጎ፣ ደኅና ናት በያቸው። እግዜር ይስጥልኝ በያቸው።» ትርንጎ ማልቀሷን ትታ በሂቅታ ተረጎመች።

ከዚያ በኋላ ጉሙ ሁሉን ሸፈነው። እሳቸው ቀደም ብለው ሄዱ፤ አይታዩኝም። ነገር ግን በየጥቂቱ ይስላሉ። መጀመሪያ ብርድ መቷቸው ነው ብዬ አዘንኩ። ኋላ ነው የገባኝ፤ ስቆም ሳሉ ይቆማል፣ ስሄድ ይቀጥላል። በሳል መሩኝ። የቤታቸው አጥር ጥግ ስደርስ ሳሉ ወደ ሌላ በኩል ዞሮ ጠፋ። እኔ በፊት ለፊቱ በር ገባሁ።

አማቴን፣ የባለቤቴን እናት ማለቴ ነው፣ እማማ ነው የምላቸው። ትርንጎን ከጀርባዬ አውርደው፣ እግሯን በሁለት እጃቸው አሽተው፣ ስመው ስመው ሲጠግቡ፣ «በዚህ ጉም ብቻሽን? አውራውን መንገድ አልለቀቅሽም አይደል?» አሉኝ። እኔ ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺ ነው ብለው ወሰዱት፤ ሰው ሁሉ እንዲሁ ያደርገዋል።

ቆይተው አባባ በጓሮ በኩል ገቡ። ጀርባቸውን ለእኔ ሰጥተው ተቀመጡ።

«አንቱ ደግሞ የት ዋሉ?» አሉ እማማ። «እንግዳ ይመጣል እየተባለ።»

«ወዲህ ወዲያ ስል። ምራታችን ገባች?»

«ገባች እንጂ። በአውራው መንገድ ሰተት ብላ።»

«ሸጋ» አሉ አባባ። እጃቸውን ወደ እሳቱ ዘረጉ። «አውራው መንገድ እያለ በጥሻ የሚሄድ ቂል ነው።»

እማማ ትርንጎን አቀበሏቸው። አገጭ ከአገጭ ጋር ሲተያይ በዓይኔ ጠርዝ አየሁ። አሁን ሁሉ ነገር ይለወጣል፣ ከዛሬ ጀምሮ ፊት ለፊት እንነጋገራለን ብላችሁ ከጠበቃችሁ እናንተም እንደ ፈረንጁ ናችሁ። ወግ በአንድ ገደል አይፈርስም። እስከ ዛሬም ስንገናኝ ፊቴን እሸፍናለሁ፣ እሳቸውም ለትርንጎ ነው የሚነግሯት፤ ትርንጎ አሁን አፍ ስላወጣች አስተርጓሚነቱ ከብዷል፤ ያልተባለውንም ትጨምራለች።

እማማ የአባባን ጋቢ ከትከሻቸው ተቀብለው ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። እሳቱ ሲበራ ጫፉን አየሁት። ጭጎጎት፣ ያ ልብስ ላይ ተጣብቆ የሚቀር ጥቁር የሣር መርፌ፣ ከዳር እስከ ዳር ተሰክቶበታል። ቁልቁል የራሴን ነጠላ አየሁ፤ ያው ነው። አውራው መንገድ ላይ ጭጎጎት የለም።

እማማ ውኃ ሊቀዱ ወደ ጓዳ ሲገቡ ተነሣሁ። ጋቢውን አወረድኩና እሳቱ አጠገብ ተቀምጬ ጭጎጎቱን አንድ በአንድ እየነቀልኩ ፍሙ ላይ ጣልኩት። የእሳቸው ንጹሕ ሲሆን መልሼ ሰቀልኩትና የራሴን ጀመርኩ።